በአካል የቀረበች ተፈታኝ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው «እንዴት አደርሽ» መባባሉን የተወው ቀስ በቀስ ነው፤ መቼ እንደቀረ ቁርጡን የሚያውቅ የለም። በሁለት ሺህ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግን የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ባለበት ቤት ደጃፍ የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስንት አደረች?»

ሉባባ እንድሪስ በፊዚክስ አርባ ሦስት ነበር የምታድረው። ሰኞም አርባ ሦስት፣ ዓርብም አርባ ሦስት። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዟት ሦስት ቀን ተኝታ ስትነሳ አርባ ሁለት አድራ ነበር፤ ሲሻላት አንዷ ተመለሰችላት።

ትንበያው የሚታደሰው ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከልጆቹ ጆሮ ጀርባ የተለጠፈው አስጠኚ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቁጥራቸውን በለሆሳስ ይነግራቸዋል። ወላጆች ስልካቸው ላይ ያዩታል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ደግሞ ስማቸው ከላይ ወደ ታች ይደረደራል፤ ክፍል ውስጥም የሚቀመጡት በዚያው ተራ ነው። ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ ሳይቀር ስለ ዘርና ስለ ጠባይ ከመጠየቁ በፊት ያደሩበትን ቁጥር ያጣራል።

ሰኔ ሠላሳ ቀን ቁጥሩ ይቆማል። ያን ዕለት የታደረበት ቁጥር ውጤት ይባላል። ፈተና የለም። የፈተና ዝግጅት ግን አለ፤ ዝግጅት ማለት ቁጥሩን እንዳያስደነግጡት መጠንቀቅ ነው። በሰዓቱ መተኛት፣ አስጠኚው ሲናገር ዓይንን ከመስኮት መመለስ፣ ከዝቅተኛ ጓደኛ ጋር በእረፍት ሰዓት አለመታየት። እናቶች ልጆቻቸውን «ተረጋጉ፣ አስጠኚው እያያችሁ ነው» እያሉ ያሳድጋሉ።

የሉባባ ሌላው ትምህርት ሁሉ ከስድሳ በላይ ነበር። ፊዚክስ ብቻ ነው አንቆ የያዛት። በፊዚክስ ከሃምሳ በታች ያደረ የኮምቦልቻ ልጅ የሚመደበው ክር ፋብሪካው ነው፤ እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ ሃያ ሁለት ዓመት የቆመችበት ማጠንጠኛ ክፍል። እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ። ዘይነባ ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ስትስቅ ሳል ይከተላታል።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ሉባባ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለ አስጠኚውን ጠየቀችው።

«ትራንስፎርመር ውስጥ ሁለቱ ሽቦዎች ካልተነካኩ ኤሌክትሪኩ በምን ይሻገራል?»

«ይህ ርዕስ ለአንቺ ነጥብ አያመጣም» አላት፣ እንደ ወትሮው በለዘበ ድምፅ። «ወደ ክር ውጥረት ቁጥጥር እንመለስ።»

«ቢሆንም ንገረኝ።»

«ዓይንሽ በመስኮት ወጥቷል፣ ሉባባ። እንመለስ።»

እውነትም ወጥቶ ነበር። ከመስኮቱ ማዶ፣ ከቦርከና ድልድይ አጠገብ፣ ጋሽ አራጌ ከቆርቆሮ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር እየፈቱ ሽቦ ይጠመጥማሉ። ሰባ ዓመታቸው ነው። ከተማው ውስጥ ፊዚክስ ያስተማሩ የመጨረሻው ሰው እሳቸው ናቸው፤ አስጠኚው ሲመጣ መምህራን ቀሩና ክፍል ውስጥ አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ተረፈ።

ሉባባ ከትምህርት ስትለቀቅ ቤቷ አልሄደችም። ድልድዩን ተሻግራ ጋሽ አራጌ ፊት ቆመችና ያንኑ ጥያቄ ደገመችው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ አንድ የብረት ቀለበት አነሱ። በአንድ ጎኑ ሽቦ ጠመጠሙ፣ በሌላው ጎኑ ሌላ ሽቦ ጠመጠሙ፤ ሁለተኛውን መርፌ ካለው አሮጌ መለኪያ ጋር አያያዙት። የመጀመሪያውን ጫፍ ከባትሪ ጋር ሲያገናኙት የመለኪያው መርፌ ብድግ ብላ ተመልሳ ተኛች። ሲነቅሉት ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ዘለለች።

«እንደተገናኘ ስንተወውስ?» አለች ሉባባ።

«ተይውና እዪዋ።»

መርፌዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ለምን?» አሏት ጋሽ አራጌ።

ሉባባ መልሱን ከጆሮዋ ጀርባ ጠበቀች። አልመጣም። በአስራ ሁለት ዓመት ትምህርቷ «ለምን» ተብላ ተጠይቃ አታውቅም ነበር።

«አላውቅም» አለች።

«ጎሽ። እንግዲህ ነገ ስትመጪ አንድ ግምት ይዘሽ ነይ። የተሳሳተም ቢሆን።»

በማግስቱ የተሳሳተ ግምት ይዛ መጣች። በሦስተኛው ቀን ሌላ የተሳሳተ። በአምስተኛው ቀን «የሚያሻግረው መለወጡ ነው፤ ሲለወጥ ብቻ ነው» አለችና ጋሽ አራጌ ፒንሳቸውን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው አጨበጨቡ። በማግስቱ ማለዳ አስጠኚው አርባ ሦስት አላት።

ያን ቀን ነው የተቆጣችው። «ጋሼ፣ አንድም ጥያቄ ሳልጠየቅ እንዴት ነው የወደቅኩት?»

«የምትኖሪበትን ሰፈር አይቶ፣ የእናትሽን ሥራ አይቶ፣ ዓይንሽን አይቶ። ይኸው ነው።» ሽቦውን እንደ ገመድ ጎተቱት። «በእኛ ጊዜ ልጆቹን ፍራሽ አሸክመን፣ በአውቶቡስ ጭነን ዩኒቨርሲቲ ድረስ እንወስዳቸው ነበር። ግማሹ ይዘፍናል፣ ግማሹ ያለቅሳል። አልዋሽሽም፣ ብዙው ይወድቅ ነበር። ግን ወድቆ ነው የወደቀው።»

ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ መንገደኛ እየሰማ፣ ትንበያውን ባቋቋመው አዋጅ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ሳትሻር እንደቀረች ነገሯት። *በትንበያው ያልተስማማ ማንኛውም ሰው በአካል ቀርቦ የመፈተን መብት አለው።* ዘጠኝ ዓመት ማንም አልጠየቃትም።

የትንበያና ምደባ ጽሕፈት ቤቱ ከመናኸሪያው በላይ ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጉዳዩን የምታየው ወይዘሪት ሶስና የምትባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ልብሷ የተተኮሰ፣ ንግግሯ የተለካ ሴት ናት። ሉባባ የመጣችበትን ስትነግራት አልሳቀችባትም። ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ ፈለገች፣ ፈለገች፣ በመጨረሻ አንድ ቅጽ አገኘች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ሶስና። «ትንበያው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም።»

«ማን ተፈትኖ ታየ?»

«ማንም።»

ሶስና ዓይኗን ወደ ቅጹ መለሰች።

«ከፈረምሽ አስጠኚውን ታስረክቢያለሽ። ትንበያሽ ይሰረዛል። ያመጣሽው ውጤት ለዓመቱ ይጸናል፤ ይግባኝ የለውም።»

ሉባባ ፈረመች። ሶስና በትንሽ መቆንጠጫ አስጠኚውን ከጆሮዋ ጀርባ ላጠችውና ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ቆዳዋ ላይ የጥፍር ያህል ነጭ ቦታ ቀረ። ደረጃውን ስትወርድ ሉባባ ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምታ አታውቅም። የመናኸሪያው ረዳት «ደሴ! ደሴ!» እያለ ሲጮህ ደነገጠች። ከዚያ አልፎ ደስ አላት።

ለፈተናው አራት ወር ቀራት። የጋሽ አራጌ መጻሕፍት አይጥ ያነካካቸው የአስራ አንደኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል መማሪያዎች ነበሩ፤ ከአንዱ የብርሃን ምዕራፍ ግማሹ የለም። የጎደለውን እሳቸው ከትዝታ ይሞሉታል፣ አንዳንዴም ይረሱትና ሁለቱም አብረው ሲያወጡት ይመሻል። ማስታወስ ያለባትን ነገር ሁሉ አሁን ራሷ ማስታወስ ነበረባት፤ ይህ በጣም ከባድ ሆነባት። ያጠናችው በማግስቱ ጠፍቶ ያድራል። ቀመሮቹን በከሰል የግቢያቸው አጥር ቆርቆሮ ላይ ጻፈቻቸው። ጎረቤቶች ልብስ ሲያሰጡ ያነቧቸዋል።

«ምነው ዘይነባ፣ ልጅሽ አጥሩን ክታብ አደረገችው?» አለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ ሉባባ እየሰማች «የአህያ ሥጋ ከአልጋ ሲሉት ከመሬት ነው፤ አርባ ሦስት አርባ ሦስት ነው» አለች።

የሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጋሽ አራጌ ድልድዩ ላይ አቆሟት። ገመድ አውርደው ለኩ፤ ከድልድዩ መደገፊያ ብረት እስከ አሸዋው አስራ አንድ ሜትር። ከዚያ ድንጋይና የእጅ ሰዓት ሰጧት። ድንጋዩን ለቀቀች፣ ሰዓቱን ተጫነች፣ አሰላችው። የምድር ስበት አስራ ሦስት ሆኖ ወጣ።

«መጽሐፉ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነው የሚለው» አለች ተናዳ።

«መጽሐፉን ተይው። ድንጋዩም አልዋሸም። ማን ቀረ?»

ሉባባ አውራ ጣቷን አየችው። ዘግይቶ የሚጀምር ጣት። አርባ ጊዜ ጣለች። ሕፃናት ከወንዙ ድንጋይ እየለቀሙ አቀበሏት፤ ባለ ባጃጆች ቆመው ተወራረዱ። በመጨረሻ የሁሉንም አማካይ ስትወስድ አንድ ነጥብ አምስት ሰከንድ መጣ፤ ስታሰላው ስበቱ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ስምንት። ደብተሩን ወደ ላይ አንስታ ጮኸች። ባለ ባጃጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጥሩምባ ነፉላት።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወይዘሪት ሶስና ቤታቸው መጣች። ዘይነባ ከፈረቃ ገና መግባቷ ነበር፤ ፀጉሯ ላይ ጥጥ አለ። እንግዳዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ ራሷ መደብ ላይ ተቀመጠች።

«ጥሩ ዜና ይዤ ነው» አለች ሶስና። «ስርዓቱ ሉባባን እንደገና ተመልክቷታል። ሃምሳ ሁለት።»

ዘይነባ በሚሰማው ጆሮዋ ዞረች። «ስንት?»

«ሃምሳ ሁለት፣ ወይዘሮ ዘይነባ። አልፋለች ማለት ነው። ምህንድስና መግባት ትችላለች። የፈተና ጥያቄዋን ማንሳቷን ብቻ እዚህ ትፈርማለች።»

ዘይነባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንባዋ መጣ።

«ምን አይቶ ነው?» አለች ሉባባ።

«ምን አልሽ?»

«አስጠኚውን ካስረከብኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ምን እንዳጠናሁ፣ ምን እንዳወቅኩ አላየም። ምን አይቶ ዘጠኝ ነጥብ ጨመረልኝ?»

ሶስና የተሰጣትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው።

«ልጄ» አለች ዘይነባ «ሰጡሽ እኮ። ሰጡሽ! ሃያ ሁለት ዓመት ጥጥ ስተነፍስ የኖርኩት ይህቺን ቀን ለማየት ብዬ ነው። ፈርሚ።»

«እማዬ፣ ዝም ብለው የሰጡኝን ዝም ብለው ይወስዱታል። አርባ ሦስትም ያሉኝ እነሱ፣ ሃምሳ ሁለትም ያሉኝ እነሱ። እኔ የት አለሁ?»

«ብትወድቂስ?»

«እወድቃለኋ።»

«እንዲህ በቀላሉ?»

«በቀላሉ አይደለም» አለች ሉባባ። «ፈርቻለሁ። ግን አልፈርምም።»

ሶስና ተነሳች። ያልተፈረመውን ወረቀት ይዛ ወጣች።

ዘይነባ ልጇን ለሁለት ሳምንት አላናገረቻትም። ምግብ ታቀርብላታለች፣ ልብሷን ታጥብላታለች፣ ቃል አትተነፍስላትም። ሉባባ ከጥናቱ ይልቅ ይህ ጎዳት።

ሰኔ ሃያ አምስት ቀን ማለዳ ስትነሳ ግን እናቷ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ አገኘቻት። ፈረቃዋን ቀይራለች።

«ሦስት እርሳስ ቀርጬልሻለሁ» አለቻት። «አንዱ ቢሰበር።»

ፈተናው የተሰጠው በትምህርት ቤቱ አሮጌ አዳራሽ ነው። ደንቡ ሳይነካ የቆየ ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ወንበር እንደ ድሮው ተደርድሯል። ታሽጎ ከአዲስ አበባ የመጣውን ፖስታ ሁለት ሰዎች ይዘውት ገቡ፤ አንድ ፖሊስ በር ላይ ቆመ። ከፈታኞቹ አንዱ መመሪያውን አወጣና ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። «ተፈታኞች ሆይ፣ ከአጠገባችሁ ካለው ተፈታኝ መኮረጅም ሆነ ማስኮረጅ ያስቀጣል።» ሉባባ ግራና ቀኟን አየች። ባዶ ወንበር ነበር እስከ ግድግዳው።

ሃምሳ ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። የመጀመሪያዎቹን አምስት በአንድ ትንፋሽ ሠራች። ስድስተኛው ላይ እጇ ቆመ፤ ሰባተኛውን አልፋ፣ ስምንተኛውን አልፋ፣ አንድ አፍታ ሁሉም ነገር ጥቁር ሆነባት። ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን ነጭ ቦታ ነካችው። ማንም አልተናገረም። እርሳሷን አስቀመጠች፣ እስከ ሃያ ቆጠረች፣ አነሳችው። ስለ ሽቦ ጥምጥም የሚጠይቀው አስራ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ሳታውቀው ፈገግ አለች። የብርሃኑን ምዕራፍ አብዛኛውን ገመተች። ደወሉ ሲደወል ሦስት ጥያቄ ገና ይቀራት ነበር፤ ሦስቱንም በችኮላ አጠቆረቻቸው።

ውጭ እናቷ ከጋሽ አራጌ ጋር አጥሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም።

ውጤቱ ሐምሌ አስራ አንድ ቀን መጣ። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ስለ ሃምሳ ሁለቱ አንድም ቃል የለበትም። *ትንበያ 43። ውጤት 48። ሁለቱም ከማለፊያ በታች በመሆናቸው ትንበያው ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።*

አርባ ስምንት። አንድ ጥያቄ ሁለት ነጥብ ነው። በአንዲት ጥያቄ ወደቀች።

ሉባባ ደብዳቤውን አጥፋ መደቡ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች፣ ሳትደበቅ፣ ድምፅዋን አውጥታ። ዘይነባ አጠገቧ ተቀመጠች። ሉባባ «ብትፈርሚ ኖሮ» ትለኛለች ብላ ጠበቀች። ዘይነባ ግን ደብዳቤውን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችውና «አምስት ስተዋል» አለች። «ልጄን በአምስት ነው የሳቷት። ፋብሪካ ያስገቧቸውን ልጆች ሁሉ በስንት ስተዋቸው ይሆን?»

ከነሐሴ ጀምሮ ሉባባ ማጠንጠኛው ክፍል ገባች። በምሳ እረፍት ሴቶቹ ይከቧታል። ከንፈር እያነበቡ ነው የሚያወሩት፤ ማሽን ያደነቆረው ሁሉ እንዲያ ነው። የፈተናው ወረቀት ምን ይመስላል? ሰው ያስጨንቃል? ሠላሳ ስምንት አድራ የገባችው ሰዓዳ፣ አርባ ዘጠኝ አድራ አንድ ሳምንት ሙሉ ያለቀሰችው ብርቄ፣ ሌሎችም። ሉባባ የመለኪያዋን መርፌ ነገር በክርና ክሩ በሚጠነጠንበት ቦቢን አሳየቻቸው። አንድ ቀን ብርቄ «የእኔስ ጊዜ አለፈ አይደል?» አለች። ሉባባ አንቀጹን በቃሏ ታውቀው ነበር። «‹ማንኛውም ሰው› ነው የሚለው» አለቻት። «የጊዜ ገደብ የለበትም።»

በማግስቱ ሉባባ ከፈረቃ እንደወጣች፣ ፀጉሯ ላይ ጥጡ እንዳለ፣ ሦስተኛው ፎቅ ወጣች።

«ወረቀቴን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። «የተሳሳትኩትን።»

«ለዚያ ቅጽ የለም» አለች ሶስና። «በትንበያ ስህተት ተመልሶ አይታይም፤ ማንም ጠይቆ አያውቅም።»

«እኔ የተተነበየልኝ አይደለሁም። ተፈትኛለሁ።»

ያን ቀን ወረቀቱን አላገኘችም። በማግስቱም መጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች፤ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን ሶስና በሩን ከውስጥ ዘጋችና መሳቢያዋን ከፍታ የተሰፋ ወረቀት አወጣች። «አስር ደቂቃ» አለች።

ሉባባ ገለበጠችው። ሃያ ስድስት ቀይ ምልክት። ጣቷን እያስኬደች ወረደች፤ ይህን አላውቀውም ነበር፣ ይህንንም፣ ይህን ገምቼዋለሁ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ቆመች። ስሌቷ ከጎኑ በእርሳስ ተጽፏል፣ ሁሉም ትክክል ነው፣ ርዝመቱን ብቻ ከሳንቲሜትር ወደ ሜትር አልለወጠችውም። ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስቅሻል?»

«አዩት? እኔው ነኝ። እኔው ራሴ ነኝ የጣልኩት!»

ሶስና ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ጥያቄውን አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«እኔ ሰማንያ ስምንት ነው ያደርኩት» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ሰፈሩ ሁሉ ደገሰልኝ። አንድ ጥያቄ እንኳ እንዲህ ተቀምጬ ሠርቼ አላውቅም።» ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው?»

ሉባባ አሳየቻት። አስር ደቂቃው አለፈ፣ ግማሽ ሰዓትም አለፈ። ሶስና ሁለት ጊዜ ተሳስታ በሦስተኛው አወጣችው። ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ጣቶቿን እርሳስ አጥቁሯቸዋል።

ሉባባ ተነሳች። «ለሚመጣው ዓመት መመዝገብ እፈልጋለሁ» አለች። «ቅጽ ይስጡኝ።»

ሶስና ወደ ማተሚያው ዞረች።

«አስራ አንድ» አለች ሉባባ።

«አስራ አንድ ምን?»

«አስራ አንድ ቅጽ። አስሩ ሴቶች ፋብሪካው በር ላይ እየጠበቁኝ ነው።»

ሶስና ማተሚያውን አዘዘችው። ማተሚያው አንድ ቅጽ አወጣና ለዓመቱ የተፈቀደው ይኸው ነው ብሎ ቆመ። እንደገና ሞከረች፤ አልሠራም። ሰዓቷን አየች፣ የተዘጋውን በር አየች። ከዚያ አስር ባዶ ወረቀት ቆጥራ ከመሳቢያዋ አወጣች፣ የቢሮውን ማህተም አጠገቧ አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ሁለተኛውን ቅጽ በእጇ መገልበጥ ጀመረች።